በግድግዳ በኩል የሰማሁት ግማሽ መጽሐፍ

ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ ካባራ ወዲህ

ይህን ብዕር የያዘችው እጅ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ እጅ ናት። ከመንገዱ ማዶ ያለችው፤ አንተ እዚህ ሳለህ ጫማ ይሸጥበት የነበረው ቤት ነው አሁን መድኃኒት ቤት የሆነው። እጁ የሷ ነው፣ ቃሉ የኔ ነው። እንዳታሳምሪ፣ ስድብም እንዳታስቀሪ ብዬ አስጠንቅቄያታለሁ። "ሐኪም ያዘዘውን የማልቀይር ሴት የርስዎን ቃል ምን ቆርጦኝ እቀይራለሁ" ብላኛለች። እናያለን።

ለአንድ ልጄ፣ ለልበ ደንዳናው፤

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ እንዴት እንደሆንክ አውቃለሁ። ቀን ቀን ትልቅ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስትደረድር ትውላለህ። ወገብህን ያምሃል። ማታ ማታ ጠባብ ክፍልህ ውስጥ ተቀምጠህ፣ ለማታውቃቸው ሰዎች ምን ማንበብ እንዳለባቸው በስልክህ ትነግራለህ። ሻይህ ሁልጊዜ ተረስቶ ይቀዘቅዛል። ሰሞኑን ሳል ይዞህ ነበር፣ ተሽሎሃል። ይህን ሁሉ ከየት አመጣው ትላለህ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ያንተ ወሬ አንተ ሳታውቅ እኔ ጋ ሲደርስ ከርሟል። እንዴት እንደደረሰ ልነግርህ ነው ብዕር ያስያዝኳት።

ስለ ጤናዬ አትጻፊ ብያታለሁ። ደህና ነኝ። ብየዳውን የተውኩት ስለሰለቸኝ ነው። ወርክሾፑን ለአንድ አናጺ አከራይቼዋለሁ፤ ደህና ሰው ነው፣ ብረት የማያውቅ ሰው ደህና ከተባለ። ቀኑን ሙሉ ያፏጫል። እኔ አሁን የምተኛው እናትህ ክፍል ውስጥ፣ እናትህ አልጋ ላይ ነው፤ ክፍሉ ፀሐይ ስለሚያገኝ ነው። ድሮ መንገዱን ተሻግሬ መድኃኒት ቤት የምሄደው እኔ ነበርኩ፣ አሁን እሷ ናት የምትመጣው፤ እሱም ዝናብ ስለሆነ ነው። ብዕሩን አንሥታ ታየኛለች። ጻፊ እንጂ፣ ምን ታዪኛለሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናብ ሳይጀምር፣ ለዓይኔ ጠብታ ልገዛ ገባሁ። ብየዳ የበላው ዓይን መሆኑን ታውቃለህ፤ አሸዋ እንደገባበት ነው የሚያድረው። ሴትዮዋ ባንኮኒዋ ላይ ተደፍታ ስልኳን እያየች ለብቻዋ ትስቃለች። ሰው ለብቻው ሲስቅ አልወድም፣ በኔ የሚስቅ ይመስለኛል። ምን አገኘሽ አልኳት። ሰዎች ምን እናንብብ እያሉ የሚጠይቁበት ግሩፕ ነው አለችኝ። አንዱ ይጠይቃል፣ ያነበበው ይመልሳል፣ ሌላው እሱን አትስሙት ይህን አንብቡ ይላል፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለበት። ከሁሉም አንድ ሰውዬ አለ፣ ማንም ይጠይቅ ማን ሳይመልስ አይተኛም፣ እኛ የመጽሐፍ ሐኪም ነው የምንለው አለችኝ። እሱ ያዝዛል፣ እኛ እንውጣለን።

እስቲ አንብቢልኝ አልኳት። ሥራ ፈት አይደለሁም፤ ጠብታውን ፈልጋ እስክታመጣ ነው። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ወፍራም መጽሐፍ ፈልጓል፤ ግን ብዙ ሰው የሌለበት ይሁን ይላል፣ እንቅልፍ ሲመጣ ስማቸው ይምታታብኛል ብሎ። አንዱ ደግሞ ሊያገባት ያሰባት ልጅ አባት አስተማሪ ነው፤ ሰውዬው ፊት እንዳላፍር፣ ቶሎ የሚያልቅ ግን ስሙ ሲጠራ ከባድ የሚመስል መጽሐፍ ንገሩኝ ይላል። ሳቅሁ፤ አልዋሽም። አንዲት ሴት ባሌ መናገር ካቆመ ከረመ፣ ምን ላንብብ ብላለች። ይህቺ አላሳቀችኝም። ባሏ ዝም ያላት ሴት መጽሐፍ ምን ያደርግላታል? ሄደሽ ባልሽን ጠይቂው የሚላት አንድ ሰው ከዚያ ሁሉ ሺህ ጠፋ? ያ ሐኪም የምትሉት ምን አላት አልኩ። በድምፅ ነው የመለሰላት ብላ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ከፈተችው።

አንተ ነበርክ።

ድምፅህ ወፍሯል። "እህቴ" አልክ፤ ዝም ያለ ሰው ሁሉ የሚናገረው አጥቶ አይደለም፣ አንዳንዱ ከየት እንደሚጀምር ጠፍቶት ነው አልካት። ቀጥለህ የሁለት መጽሐፍ ስም ነገርካት። እኔ መጽሐፎቹን አልሰማኋቸውም። የከፈልኩበትን ጠብታ ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ። ሴትዮዋ አባባ ረሱት እያለች እስከ መንገዱ ተከተለችኝ።

ከዚያ ወዲያ መመላለስ ጀመርኩ። "አባባ፣ ያ ብልቃጥ አላለቀም እኮ፤ ፊትዎን ሊታጠቡበት ነው እንዴ?" አለችኝ አንድ ቀን። የዚያን ሰውዬ ድምፅ አሰሚኝ ማለት ስላልፈለግሁ የበሽታ ዓይነት ፈለግሁ። ወገቤን አልኩ፣ ጉልበቴን አልኩ፣ ደረቴን አልኩ። ደረቴን ያልኩት እውነት ሆኖ ቀረ። ይህን ተይው። ጻፍሽው? እንግዲህ ይሁን።

እሷ መድኃኒት ስታቀብል እኔ የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ለሰው የምትሰጠውን ምክር ሁሉ ሰማሁ። ጀማሪ በወፍራም አይጀምር ትላለህ። ሁለት መጽሐፍ ባንድ ጊዜ የሚያነብ ሁለት ሚስት እንዳገባ ነው፣ ሁለቱም ያኮርፉታል ትላለህ። መጽሐፍ ሰውን ያለሰልሳል፣ የሌላውን ሰው ጫማ ያስለካል ትላለህ። እዚህ ላይ ሴትዮዋ እውነቱን ነው አለችኝ። በወረቀት ላይ ላለ ሰው የምታለቅስ፣ በወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ደረቅ የሆነ ልጅ ግን አውቃለሁ። ያን ሁሉ ጫማ ስትለካ የኔ ጫማ እደጃፉ ላይ ነበር።

ከሁሉም የማልረሳው ግን አንዲት ልጅ የጀመርኩት መጽሐፍ አልገፋ አለኝ ብላ ስትጠይቅህ የመለስክላት ነው። እስከ አምሳኛው ገጽ ታገሺው አልካት። ሰውም መጽሐፍም መጀመሪያ ላይ ደረቅ ይሆናል፤ አምሳ ገጽ ዕድል ስጪው፣ ከዚያ ካልሆነ በሰላም አስቀምጪው። መቼም ንግግር ታውቃለህ። ለኔስ ስንት ገጽ ታገሥክ? እኔን ስንተኛው ገጽ ላይ ነው ያስቀመጥከኝ? በሰላም እንኳ አይደለም። ከቀብር የመጡት ሰዎች ገና ወንበር ላይ እንዳሉ፣ የእናትህን ሹራብና መጽሐፎቿን ሻንጣ ውስጥ ከተህ፣ እፊቴ አልፈህ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ወጣህ። ሰዉ አንተን አላየም፣ እኔን ነው ያየው። እኔም ወንበር ሳስተካክል ዋልኩ።

አንድ ቀን፣ እኔም ጥያቄ አለኝ አልኳት ሴትዮዋን። ተገረመች። ማንበብ የማልችል ሽማግሌ ነኝ ብለሽ ጀምሪ አልኳት። ማንበብ የማልችል የሚለውን ልተወው አለችኝ። ለምን ትተይዋለሽ፣ አልሰረቅሁ። ሥራዬን ግን አትጻፊ አልኩ፤ ሠፈሬንም አትጻፊ።

ያስጻፍኩት ይህን ነው። ስሙን የማላውቀው መጽሐፍ አለ። አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ ልብስ የምታጥብ ሴት አለች። ባልሽ ማዕድን ሲቆፍር አፈር ተደርምሶበት ሞተ ተብላ፣ አልቅሳ ጨርሳለች። አንድ ቀን ከሚታጠበው ክምር ውስጥ አንድ ሸሚዝ ታነሣለች፤ ክርኑ ላይ ያለውን እራፊ የጣፈችው እሷው ራሷ ናት፣ ክሩን ታውቀዋለች። ሸሚዙን የለበሰውን ሰው ፍለጋ ከክፍል ክፍል ትዞራለች። መጨረሻ ላይ አንድ ክፍል ይቀራታል፣ እጇን እጀታው ላይ ታደርጋለች። እኔ የማውቀው እዚህ ድረስ ነው። መጽሐፉ ማን ይባላል? በሩ ሲከፈትስ ማን አለ?

አንዱ ይህ ፊልም ነው አለ። ሌላው ሽማግሌ የሚባል የለም፣ ሴትዮዋ ናት የፈጠረችው አለ። አንተ ግን ወዲያው መጣህ። አባባ አልከኝ። እቤታችን ሳለህ መጨረሻ መጨረሻው ላይ ስም እንኳ አልነበረኝም፤ "እሱ መጣ፣ እሱ ወጣ" ነበር የምትለው ለእናትህ። አሁን አባባ፣ እርስዎ። "መጽሐፉን አውቀዋለሁ፤ ለታመመች እናቴ ሳነብላት፣ እዚያው በሩ ጋ ስንደርስ አረፈች። ከዚያ ወዲያ ገልጬው አላውቅም። ግን እጄ ላይ አለ። ማንበብ ካልቻሉ እኔ አነብልዎታለሁ።"

ደግሞ ግማሹን እንዴት ሰሙት ብለህ ጠየቅኸኝ። እውነቱን አስጻፍኩልህ። በግድግዳ በኩል ነው፣ ባጠገቤ አንድ ወጣት ለታመመች ሴት ሲያነብ አልኩ። ይኸው አሁን ያውቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። አንተ ምን አልክ? "ይገርማል፤ እኛም እዚያው ላይ ነው ያቆምነው።" ይገርማል። ያቺ ልብስ አጣቢ ባንድ እራፊ ባሏን አወቀች። እኔ ግድግዳውን ሰጠሁህ፣ በሽተኛዋን ሰጠሁህ፣ ንባቡ የቆመበትን ቦታ ሰጠሁህ፤ አንተ ይገርማል አልከኝ። ሞኝ ሆነህ አይደለም፣ ሞኝ አልወለድኩም። አባቴ መጽሐፍ ሲሰማ ብሎ ነገር ካንተ ሐሳብ ውስጥ ስለሌለ ነው። የሌለ ነገር ምልክት ቢበዛለት አይታይም።

እንዲህ ሆነን ጀመርን። አንተ ማታ አንብበህ ትልካለህ፤ እኔ ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ ከሴትዮዋ ጋር እሰማለሁ። እሷ ወለሉን እየጠረገች ትሰማለች፣ ከዚያ መጥረጊያውን ትደገፋለች። በሩ ሲከፈት አልጋው ላይ ያለው ባሏ አልነበረም። ሸሚዙን ባሏ የሰጠው ሌላ ሰው ነው። ባልሽ አልሞተም፣ ከአደጋው በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል አላት። እሷም ሥራዋን ጥላ ፍለጋ ተነሣች። እኔ ተናደድኩ። ምን ትከተለዋለች፣ ከፈለጋት እግር የለውም ወይ ብዬ አስጻፍኩልህ። አንተ ሳቅህ፤ አባባ ጨካኝ ነዎት፣ አፍሮ ቢሆንስ አልከኝ። ያፈረ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል አልኩ።

"መጻፍ ባይችልስ?" አልክ።

ወንበሩን ወደ ቦታው መልሼ መንገዱን ተሻገርኩ።

በሌላው ቀን ደግሞ ስለ ብረት ተከራከርኩህ፤ ልብስ አጣቢዋ ያደረችበትን ቤት የብረት መሰላል ነፋስ አወዛወዘው የሚለውን፣ ብሎኑ ላልቶ ነው እንጂ ነፋስ መሰላል አያወዛውዝም አልኩ። ጸሐፊው ይህን አያውቅም አልክ፤ ሳቅህ እስኪያስልህ ድረስ ሳቅህ። ከዚያ፣ "አባባ፣ እንደርስዎ የሚሰማ ሰው አላጋጠመኝም" አልከኝ። ሴትዮዋ ፊቴን እንዳታይ የክብደት መለኪያው ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ስንት ይላል ብትለኝ አላየሁትም።

ስለ እናትህም ነገርከኝ። ጆሮዋ ደክሞ ነበር አልክ። "ከፍ አድርገው፣ አይሰማኝም" ትልህ እንደነበር፣ እየጮህክ ስታነብ ጉሮሮህ ይቆስል እንደነበር። ያን ከሰማሁ በኋላ ነው አፌ ያላረፈው። አባትህስ በሕይወት አለ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አልኳት። ባይጠየቅ ይሻላል ብላኝ ነበር፤ የሰው ምክር እሰማለሁ እንዴ እኔ።

መልስህን እንደተናገርከው እመልስልሃለሁ፤ ቃል አይጠፋኝም። "አባቴ አንዴ አብሮን ሊሰማ ተቀምጦ፣ በሩን አላትሞ ወጣ። ከዚያ ወዲያ እኔ ሳነብ እሱ ብረት ይፈጭ ነበር፣ ወይ ከጓደኞቹ ጋር ይሄድ ነበር። እናቴን የቀበርኩ ቀን እሱንም አብሬ ቀብሬዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ እንደርስዎ ሰምቶኝ ቢሆን፣ አባባ፣ አልቀብረውም ነበር።"

ሴትዮዋ ስልኩን አጥፍታ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ካርቶኖች መደርደር ጀመረች። ተደርድረው ነበር። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "ልጅዎ ነው፣ አይደል?" አለች።

"የሞተ ሰው ልጅ የለውም" አልኳት።

አሁን እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትሰማለህ። ቃል የማስረዳት ልማድህን ተወኝና ስማ።

የእናትህ ጆሮ እስከ መጨረሻዋ ቀን መርፌ ሲወድቅ ይሰማ ነበር። በሹክሹክታ የተናገርካትን ትሰማ ነበር፤ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለኔ የነገረኝን እሷ አልጋዋ ላይ ሆና ሰምታ ነበር። ከፍ አድርገው ያለችህ ለሷ ብላ አይደለም። የማሽኑ ጩኸት ከግድግዳው ማዶ ሲቆም እሷ ታውቃለች። ሲቆም ጠብቃ ነው ከፍ አድርገው የምትልህ። አንተ ማሽኑ ሲቆም ሥራ ጨርሶ ሄደ ትላለህ። የት ነው የምሄደው? ጓደኛስ የት ነበረኝ? ግድግዳው ሥር፣ የላሜራ ቁራጭ ላይ፣ ጓንቴን ሳላወልቅ ተቀምጬ ነበር። በር ያዘዘ ደንበኛ ሥራዬ አልደረሰም ወይ ብሎ ሲገባ በእጄ ዝም በል እለው ነበር። አንዱ አብዷል ብሎ ሥራውን ለሌላ ሰጠ። ሥራዬ ሲጓተት እናትህ ታውቅ ነበር፤ ምንም አላለችኝም፣ አንተን ግን ከፍ አድርገው ትልህ ነበር። ጉሮሮህ የቆሰለው ለኔ ነው። ለማን እንደቆሰለ ማወቅ ካለብህ ይኸው እወቅ።

ለምን ገብተህ አልተቀመጥክም ልትል ነው። ገብቻለሁ፤ በር አላትሞ ወጣ ያልከው ያን ቀን ነው። እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። አንተ ንባቡን አቁመህ እኔን ታስረዳኝ ጀመር። ይህ ማለት እንዲህ ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ሴትዮዋ አዝናለች ለማለት ነው። ሕፃን እንደሚያጎርሱ፣ ቃል በቃል። የኔው የአፌ ቋንቋ እኮ ነው፤ አንተ የተናገርከው የመጀመሪያ ቃል ከኔ አፍ የወሰድከው ነው። ፊደል ነው የማላውቀው እንጂ ኀዘን አላጣሁትም፣ ሚስቴ ናት የተኛችው። እናትህ እንዳታየን ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ተነሣሁ። በሩን አላላተምኩም። ያ በር እጄ የሠራው የላሜራ በር ነው፤ በሌባ እጅ ብትዘጋው ይጮሃል። ተወልደህ ያደግህበት በር ነው፤ ይህን እንኳ ማወቅ ነበረብህ።

ልጁ ያስተማረው አባት ስንት አለ፣ ምን ነውር አለው ትለኛለች አሁን ሴትዮዋ፣ ብዕሯን አንሥታ። ነውር የለውም። ስታስተምረኝ እኔን ብታይ ኖሮ ምንም አልልም ነበር። አንተ ግን ስታስረዳኝ እናትህን ነበር የምታየው፤ ምን ያህል እንደደከምክብኝ እንድታይልህ።

ከዚያ መልስህ በኋላ ዝም አልኩ። አንተም ተሸበርክ። አባባ ጠፉብኝ፣ ታመሙ እንዴ፣ አጠፋሁ እንዴ። ግሩፑን ሁሉ አባባን የሚያውቅ የለም ወይ እያልክ ጠየቅህ። ያ የጥበቃ ሠራተኛ እንኳ እግዜር ይማራቸው ብሎልኛል፤ ወፍራሙን መጽሐፍ ጨርሶታል አሉ። አንድ የማታውቀው ሽማግሌ ጥቂት ቀን ድምፁ ቢጠፋ እንቅልፍ አጣህ። የኔ ድምፅ የጠፋባቸውን ዓመታት ግን ተኝተህ አሳለፍካቸው። እኔም ለሱ ቀናሁበት። ለራሴ ለዚያ ሽማግሌ ቀናሁበት፤ ይህን ሲሰማ ሰው ይስቃል። እሱን ልጄ ይፈልገዋል፣ ያከብረዋል፣ ያነብለታል። እኔ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጬ የሱን ድርሻ የምሰማ ሆንኩ።

ዝም ከማለቴ በፊት መጽሐፉን በፖስታ ልላክልዎ፣ አድራሻ ይስጡኝ ብለህ ነበር። አልሰጥም አልኩ። እንግዲያው የኔን አድራሻ ይያዙት፣ የጎደለብዎ ነገር ቢኖር አልክ። ይህ ወረቀት የሚደርስህ በዚያ ነው። ለሱ የሰጠኸውን እኔ ተጠቀምኩበት። ፊት ለፊት እየነገርኩህ ስለሆነ ስርቆት አይባልም።

እንግዲህ የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። አባባ ሲመለሱ አነብልዎታለሁ፣ እየጠበቅሁዎ ነው ብለሃል። በስልክ እንዳትልከው። ብትልከው አልሰማውም፤ ሴትዮዋንም እንዳትከፍቺው ብያታለሁ፣ እሷም ማወቅ እየፈለገች እሺ ብላኛለች። ልብስ አጣቢዋ ባሏን ታገኘዋለች ወይ፣ ብታገኘው ምን ትለዋለች፣ ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ሙሉ እጄ እንደሷ እጀታ ላይ ሆኖ እንደቆየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ቢሆንም በሌላ ሰው ስም የመጣልኝን አልቀበልም። ሳላውቀው መቅረት ይሻለኛል። ለኔ ማንበብ ከፈለግህ እፊቴ ተቀምጠህ፣ ለማን እንደምታነብ እያየህ ነው። ካልፈለግህ ምዕራፉን ለራስህ አስቀረው፤ ያንን ሽማግሌም እርሳው፣ እኔው ነኝ የገደልኩት።

ደግሞ ካነበብክ አታስረዳኝም። ያልገባኝ ካለ አፍ አለኝ፣ እጠይቃለሁ።

ሴትዮዋ "ቶሎ" የምትለዋን ቃል ልጨምርበት አለችኝ። አትጨምሪ አልኳት። ቶሎ የሚል የሚለምን ሰው ነው። ሐኪሙ የተናገረውን ልጻፍለት አለችኝ። እሱንማ ጨርሰሽ አትጻፊ። ሐኪም ተናገረ ተብሎ የሚነበብልኝን መጽሐፍ አልፈልግም፤ እናትህ በዚያ መንገድ ነው የተነበበላት፣ እኔ በዚያ መንገድ አይነበብልኝም።

ልመርቅህ። መመረቅ አልችልበትም፣ እሱ የእናትህ ሥራ ነበር። ወገብህን ያጽናልህ፤ ካርቶን ስታነሣ በጉልበትህ አንሣ። በደብዛዛ መብራት አታንብብ፣ ዓይን አይመለስም። ሻይህን ትኩሱን ጠጣ። ለዚያች ባሏ ዝም ላላት ሴት የነገርካት ነገር ልክ ነበር፤ መጽሐፎቹን አላውቃቸውም፣ ቃሉ ግን ልክ ነበር። ስትናገር የሚሰማህ አትጣ፤ ከዚህ በላይ ምርቃት አላውቅም።

አባትህ ነኝ፣ ያልተቀበርኩት። ፊርማ ስለሌለኝ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክራ እዚህ ሥር አሳርፋልኛለች።

በይ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። አትቸኩዪ። ስድቡን እንዳለ አንብቢው፣ አላፍርበትም። ስታነቢ ግን አንድ ነገር ልብ በዪልኝ፤ ይህን ሁሉ ስናገር የትም ቦታ ላይ "ና" ብዬው እንደሆነ። ካላልኩት ከጣቴ በላይ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ጻፊው።